ከሚሽከረከር ዲስክ ወደ ኤስ. ኤስ. ዲ.

የሰው ልጅ ዕውቀቱን ከራሱ አእምሮ ውጭ የሚያስቀምጥበትን ዘዴ መፈለግ ከጀመረ ብዙ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። ድንጋይ ፈልፍሎ ቀርጿል፤ ብራና ፍቆ ጽፏል፤ በወረቀት አትሟል። በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ሁለት ጥያቄዎች አልተለዩትም። አንደኛው፣ «ምን ያህል ማስቀመጥ ይቻላል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ፣ «የተቀመጠውን በተፈለገ ጊዜ ምን ያህል ቶሎ ማግኘት ይቻላል?» የሚል ነው። ቤቱ በመጻሕፍት የተሞላ ሰው አንዱን መጽሐፍ ፈልጎ ለማግኘት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ከሆነ፣ ሀብቱ ብዙ ቢሆንም ጥቅሙ ጥቂት ነው።

ኮምፒዩተርም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። በውስጡ ብዙ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዳሩ ግን የተቀመጠውን ፈልጎ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ይህ የፍለጋ ጊዜ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ማብራሪያ የዚህ መዘግየት ምንጭ ምን እንደሆነ፣ ኤስ. ኤስ. ዲ. የሚባለው የማከማቻ መሣሪያ ችግሩን በምን መንገድ እንዳቃለለው፣ እንዲሁም ይህ መሣሪያ የሚጠቅመው መቼ እንደሆነና መቼ እንደማይጠቅም ይገልጻል። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሦስቱ የኮምፒዩተር ክፍሎች

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የኮምፒዩተርን ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች መለየት ያስፈልጋል። እነርሱም ፕሮሰሰር፣ ራምና ማከማቻ ናቸው። ሦስቱን በአንድ የአናጢ ቤት መመሰል ይቻላል። ፕሮሰሰሩ እንደ አናጢው እጅ ነው፤ ማናቸውም ሥራ የሚሠራው በእርሱ ነው። ራም ደግሞ አናጢው የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ በጠረጴዛው ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ በእጅ አጠገብ ስለሆነ ወዲያውኑ ይነሣል። ነገር ግን ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ ማታ ሥራ ሲያበቃም ይጠረጋል። እንደዚሁም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራም ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ማከማቻው የዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ሰፊ ነው፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የያዘውን አይለቅም፤ ሆኖም ከጠረጴዛው ይርቃል።

አናጢው የቱንም ያህል ፈጣን እጅ ቢኖረው፣ ለእያንዳንዱ ምስማር ወደ ግምጃ ቤት የሚመላለስ ከሆነ ቀኑን የሚጨርሰው በመመላለስ ነው። በኮምፒዩተርም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በየዓመቱ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት እየጨመረ ሄደ፤ የማከማቻው ፍጥነት ግን ወደ ኋላ ቀረ። በዚህም ምክንያት ፈጣኑ ፕሮሰሰር ቀርፋፋውን ማከማቻ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ጊዜ በረዘመ።

2. የሚሽከረከረው ዲስክ

ለረጅም ዘመን የኮምፒዩተር ዋና ማከማቻ ሆኖ ያገለገለው ሃርድ ዲስክ ነው። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 ዓ. ም. አይ. ቢ. ኤም. በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሕዝብ ቀረበ። መሣሪያው የተሠራው በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ሆዜ ከተማ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውን 50 ዲስኮች በአንድ ምሰሶ ላይ ደርድሮ ይዞ ነበር። ዲስኮቹ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይሽከረከሩ ነበር። ክብደቱ ወደ አንድ ቶን የሚጠጋው ይህ መሣሪያ መያዝ የሚችለው 5 ሚሊዮን ፊደላትን ብቻ ነበር፤ አንድን መረጃ ፈልጎ ለማግኘትም በአማካይ 600 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ሚሊ ሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው።

የሃርድ ዲስክ አሠራር ከሸክላ ማጫወቻ ጋር ይመሳሰላል። ሸክላው ይሽከረከራል፤ መርፌ የተሰካበት ክንድ ደግሞ የሚፈለገው ዘፈን ካለበት ቦታ ላይ ያርፋል። በሃርድ ዲስክ ውስጥም መግነጢሳዊ ቅብ የተቀባ ሰሌዳ ይሽከረከራል፤ በክንድ ጫፍ ላይ ያለ ማንበቢያ ራስ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ያነባል፤ ይጽፋልም። ልዩነቱ ማንበቢያው ራስ ሰሌዳውን የማይነካ መሆኑ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት በብዙ ሺሕ እጅ ያነሰ ነው።

እንግዲህ አንድ መረጃ ሲፈለግ ሁለት መጠበቆች አሉ። መጀመሪያ ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪደርስ ይጠበቃል። ቀጥሎም የሚፈለገው ቦታ በመሽከርከር ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪመጣ ይጠበቃል። በተለመደው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ይህም በሰከንድ 120 ጊዜ ይሽከረከራል። አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሚወስድ፣ በአማካይ የግማሽ ዙር መጠበቅ 4.2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። የክንዱ ጉዞ በአማካይ 9 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሁለቱ ሲደመሩ 13 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይሆናሉ።

ለሰው 13 ሚሊ ሰከንድ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ጊዜ ነው። በሰከንድ ብዙ ቢሊዮን ጊዜ ለሚመታ ፕሮሰሰር ግን እጅግ ረጅም ዘመን ነው። ዲስኩን ከዚህ በላይ ማፍጠን ደግሞ ቀላል አልነበረም። ብረት ሲሽከረከር ይግላል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ ያሰማል። ክንድም ክብደት አለውና ለመነሣትና ለመቆም ጊዜ ይፈልጋል። ከ1956 ዓ. ም. ወዲህ የሃርድ ዲስክ የመያዝ ኀይል ከሚሊዮን እጅ በላይ ሲያድግ፣ የመፈለግ ፍጥነቱ ግን ያደገው በጥቂት ዐሥር እጅ ብቻ ነው።

3. ፕሮግራም ጸሐፊው ለምን ይጠብቃል?

ፕሮግራም ጸሐፊ የሚጽፈው ሰው ሊያነበው በሚችል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን የሚገባው የቁጥር ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ የተጻፈው ጽሑፍ ኮምፓይለር በሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ መመለስ አለበት። ሥራው ይህን ቅደም ተከተል ይከተላል። ጸሐፊው ጥቂት መስመሮች ያሻሽላል፤ ያስተረጉማል፤ ይሞክራል፤ ስሕተት ሲያገኝ ያርማል፤ እንደገና ያስተረጉማል። ይህ ዑደት በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል።

አንድ ትልቅ ፕሮግራም እንደ አንድ ረጅም ደብዳቤ ባንድነት የተጻፈ አይደለም፤ በሺሕ በሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሊኑክስን በ1991 ዓ. ም. የጀመሩት በፊንላንድ አገር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሊኑስ ቶርቫልድስ ናቸው። በዚያን ጊዜ የነበረው ጽሑፍ 10 ሺሕ መስመር ያህል ነበር። በ2020 ዓ. ም. ግን ከ27 ሚሊዮን መስመር በላይ ደርሶ፣ ከ60 ሺሕ በሚበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይገኝ ነበር።

ኮምፓይለሩ አንዱን ፋይል ሲተረጉም በዚያ ፋይል ብቻ አያቆምም። ፋይሉ የሚጠቅሳቸውን ሌሎች ብዙ የጋራ መግለጫ ፋይሎችም ከፍቶ ያነባል፤ የትርጉሙን ውጤት በሌላ ፋይል ይጽፋል፤ በመጨረሻም ሌላ ፕሮግራም እነዚህን ውጤቶች ሰብስቦ ወደ አንድ ያገናኛቸዋል። ከዚህም ሌላ የትኛው ፋይል እንደ ተለወጠ ለማወቅ የእያንዳንዱ ፋይል ቀንና ሰዓት ይመረመራል። ይህን ምርመራ የሚያደርገውን ሜክ የተባለውን ፕሮግራም በ1976 ዓ. ም. የሠሩት በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ስቱዋርት ፌልድማን ናቸው። ለዚህ ሥራ ያነሣሣቸውም ምክንያት ትምህርት ሰጪ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባቸው የተሳሳተውን ፕሮግራም ካረሙ በኋላ እንደገና ማስተርጎሙን በመዘንጋታቸው፣ በትክክለኛው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ስሕተት ሲፈልጉ አንድ ሙሉ ጠዋት አባከኑ። ከዚህ የምንረዳው ገና ከጥንቱ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዋና ሐሳብ የጊዜ ጉዳይ እንደ ነበረ ነው።

የጊዜውን መጠን በስሌት ማየት ይቻላል። 20 ሺሕ ትናንሽ ፋይሎች በዲስኩ ላይ ተበታትነው ተቀምጠዋል እንበል። እያንዳንዱን ለማግኘት 13 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ፣ ጠቅላላው 260 ሰከንድ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። ይህ ጊዜ የሚያልፈው በማንበብ ወይም በመተርጎም ሳይሆን ክንዱ እስኪንቀሳቀስና ሰሌዳው እስኪዞር በመጠበቅ ብቻ ነው።

በዚህ መካከል የሚጎዳው ጊዜው ብቻ አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የብዙ ነገሮችን ዝምድና በአእምሮው አቀናጅቶ ይይዛል። ሥራው በየጥቂት ደቂቃው ሲቋረጥበት ያ የተቀናጀ ሐሳብ ይበተናል። ሲመለስም የት እንደ ደረሰ እንደገና መፈለግ ይኖርበታል። መጠበቅ ያሰለቸው ሰው ደግሞ ሙከራውን ያሳንሳል፤ ሙከራ ሲያንስ ስሕተት ሳይታይ ያልፋል።

4. የኤስ. ኤስ. ዲ. አመጣጥና አሠራር

ከዚህ ችግር መውጫው የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ማከማቻ መሥራት ነበር። ለዚህ መሠረት የጣሉት በ1967 ዓ. ም. በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዳውን ካንግና ሳይመን ዚ ናቸው። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች በትራንዚስተር ውስጥ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ዙሪያውን የታጠረ ትንሽ ክፍል የሚኖርበትን መንገድ አሳዩ። ከፍ ባለ ኤሌክትሪክ ግፊት ኤሌክትሮኖች ወደዚህ ክፍል እንዲገቡ ከተደረገ፣ ግፊቱ ቢነሣም መውጫ ስለማያገኙ በዚያው ይቆያሉ። በኋላ ክፍሉ ሲመረመር፣ ኤሌክትሮን ከተገኘበት አንድ ምልክት፣ ካልተገኘበት ሌላ ምልክት ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ያለ መግነጢስ፣ ያለ መሽከርከር መረጃን ማኖር ተቻለ።

ይህን ዘዴ ለሰፊ አገልግሎት እንዲበቃ ያደረጉት በጃፓን አገር በቶሺባ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ፉጂዮ ማሱኦካ ናቸው። በ1984 ዓ. ም. የፈጠራቸውን የመጀመሪያ ዓይነት፣ በ1987 ዓ. ም. ደግሞ ዛሬ በኤስ. ኤስ. ዲ. ውስጥ የሚሠራበትን ዓይነት ለሙያ ጓደኞቻቸው አቀረቡ። ብዙ ክፍሎች በአንድ ቅጽበት የሚሰረዙ በመሆናቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ከፎቶግራፍ መብራት ብልጭታ ጋር አመሳስለው «ፍላሽ» የሚል ስም አወጡለት።

በ1991 ዓ. ም. ኋላ ሳንዲስክ ተብሎ የታወቀው ኩባንያ ከፍላሽ የተሠራ 20 ሜጋ ባይት የሚይዝ ማከማቻ ለአይ. ቢ. ኤም. አቀረበ። ዋጋው 1,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ለብዙ ዓመታትም እንዲህ ያለው መሣሪያ ውድነቱን ከሚችሉ ጥቂት ድርጅቶች እጅ አልወጣም። ሁኔታው እየተለወጠ የሄደው ከ2000ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በኋላ ነው። በ2008 ዓ. ም. ኢንቴል የተባለው ኩባንያ 80 ጊጋ ባይት የሚይዝ ኤስ. ኤስ. ዲ. ለተራ ኮምፒዩተሮች እንዲሆን አድርጎ ለገበያ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየረከሰ፣ የመያዝ ኀይሉም እያደገ መጣ።

በኤስ. ኤስ. ዲ. ውስጥ የሚዞር ሰሌዳ ወይም የሚጓዝ ክንድ የለም። ስለሆነም የመጀመሪያው ፋይል ቢፈለግ ወይም የመጨረሻው፣ የሚፈጀው ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ መጠኑም 0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከላይ የተጠቀሱትን 20 ሺሕ ፋይሎች በዚህ ፍጥነት ለማግኘት 2 ሰከንድ ያህል ይበቃል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ወደ ሁለት ሰከንድ ወረደ ማለት ነው።

ለፍጥነቱ ሌላም ምክንያት አለ። በአንድ ኤስ. ኤስ. ዲ. ውስጥ ብዙ የፍላሽ ቺፖች በአንድነት ይሠራሉ። አንዱ ቺፕ ብቻውን ያን ያህል ፈጣን አይደለም፤ ሥራው ለብዙዎቹ ሲከፋፈል ግን ይቀላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ነው። በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ የሚመጡትን ጥያቄዎች እየከፋፈለ ለየቺፑ ያድላል። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ መቶ የማይሞላ የተበታተነ ጥያቄ ሲመልስ፣ ኤስ. ኤስ. ዲ. በዐሥር ሺሕ የሚቆጠር ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የፍላሽ ድክመት

ይሁን እንጂ ፍላሽ የራሱ ጠባይ አለው። በተጻፈበት ቦታ ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም፤ በቅድሚያ መሰረዝ ያስፈልጋል። ከዚህም የሚብሰው፣ የሚጻፈው ገጽ በገጽ ሲሆን የሚሰረዘው ግን ብሎክ በሚባል በብዙ ገጾች ስብስብ መሆኑ ነው። ይህንንም በመማሪያ ክፍል ጥቁር ሰሌዳ መመሰል ይቻላል። መምህሩ አንድ አንድ ቃል መጻፍ ይችላል፤ ዳስተሩ ግን ሰሌዳውን በሙሉ ካልሆነ አያጠፋም እንበል። አንዲት ቃል ለመለወጥ የሚፈልግ መምህር የሚፈለገውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ ሌላ ሰሌዳ ገልብጦ የመጀመሪያውን ማጥፋት ይኖርበታል። ኤስ. ኤስ. ዲ. ሊሞላ ሲቃረብ የመጻፍ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ባዶ ሰሌዳ ስለሚያጥረው ነው።

ሁለተኛው ድክመት መልፋት ነው። በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ደጋግሞ በላጲስ ሲታሽ ሳስቶ እንደሚበሳ፣ የፍላሹም ክፍል ደጋግሞ ሲሰረዝ አጥሩ ይደክምና ኤሌክትሮኖችን መያዝ ያቅተዋል። በአንድ ክፍል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት እስከ 100 ሺሕ ጊዜ ገደማ መሰረዝን ይችላል። በአንድ ክፍል ሦስት ቢት የሚይዘው ርካሽ ዓይነት ግን የሚችለው ብዙውን ጊዜ ከ1 ሺሕ እስከ 3 ሺሕ ገደማ ነው።

መቆጣጠሪያው ይህን ጉዳት በዘዴ ይከላከላል። ብልህ ገበሬ አንዱን መሬት ብቻ አርሶ እንዳያደክም ማሳውን እያፈራረቀ እንደሚዘራ፣ መቆጣጠሪያውም ጽሑፉን በሁሉም ብሎኮች ላይ በእኩልነት ያዳርሳል። በዚህ ምክንያት መልፋቱ ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ለምሳሌ 500 ጊጋ ባይት የሚይዝና እያንዳንዱ ክፍል 1 ሺሕ ጊዜ የሚሰረዝ መሣሪያ በጠቅላላው 500 ሺሕ ጊጋ ባይት ሊጻፍበት ይችላል። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ በቀን 50 ጊጋ ባይት ቢጽፍበት 10 ሺሕ ቀን፣ ማለት ከ27 ዓመት በላይ ይሆናል። በሰሌዳ መገልበጡ ምክንያት ጽሑፉ ሦስት እጥፍ ይሆናል ቢባል እንኳ ወደ 9 ዓመት ይጠጋል።

6. መቼ ይጠቅማል? መቼስ አይጠቅምም?

አዲስ መሣሪያ ሁሉ ለሁሉም ችግር መድኀኒት አይደለም። ጂን አምዳል የተባሉት የኮምፒዩተር ሊቅ በ1967 ዓ. ም. ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ጥሩ መመሪያ ነው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር፣ የአንድን ሥራ አንድ ክፍል በማፍጠን የሚገኘው ጥቅም በዚያ ክፍል ድርሻ የተወሰነ ነው የሚል ነው።

አንድ የማስተርጎም ሥራ 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 6 ደቂቃው የፕሮሰሰሩ ሥራ፣ 4 ደቂቃው ዲስክ የመጠበቅ ጊዜ ከሆነ፣ ማከማቻው 20 እጅ ሲፈጥን 4 ደቂቃው ወደ 12 ሰከንድ ይወርዳል፤ ጠቅላላ ሥራውም በ6 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ያልቃል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ ቦታ ግን ከ10 ደቂቃው 9 ደቂቃ ተኩሉ የፕሮሰሰሩ ሥራ፣ ግማሽ ደቂቃው ብቻ የመጠበቅ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ያው መሣሪያ ሥራውን የሚያሳጥረው ወደ 9 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ለዚህ ሰው የሚሻለው የተሻለ ፕሮሰሰር መግዛት ወይም ፕሮግራሙን በሚገባ መከፋፈል ነው።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብ የራም ድርሻ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ጊዜ ያነበባቸውን ፋይሎች ባዶ ቦታ እስካለ ድረስ በራም ውስጥ ያቆያቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ኮምፒዩተሩ እንደ ተከፈተ የሚደረገው የመጀመሪያው ማስተርጎም ዲስክን ብዙ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚፈለገውን በጠረጴዛው ላይ ስለሚያገኙ ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒዩተር እንኳ ሊፈጥኑ ይችላሉ። በቂ ራም ያለው ሰው ኤስ. ኤስ. ዲ. ከገዛ በኋላ «ማስተርጎሙ ብዙም አልፈጠነልኝም» ቢል የሚያስገርም አይደለም።

ጥቅሙ በግልጽ የሚታየው ግን ኮምፒዩተሩን ሲያስነሡ፣ ከባድ የመጻፊያ ፕሮግራሞችን ሲከፍቱ፣ በሺሕ ፋይሎች ውስጥ አንድ ቃል ሲፈልጉ፣ ከአንዱ የፕሮግራም ቅጂ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ነው። ራም የሚያንሰው አሮጌ ኮምፒዩተርም ሃርድ ዲስኩ በኤስ. ኤስ. ዲ. ሲተካ ጨርሶ አዲስ እስኪመስል ድረስ ሊፍታታ ይችላል። ስለሆነም አዲስ ኮምፒዩተር ለመግዛት ዐቅም የሌለው ትምህርት ቤት ወይም ግለሰብ ከሁሉ በፊት ይህን መንገድ ቢያስብ ይጠቀማል።

ታዲያ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት መመርመር ይገባል። ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ የኮምፒዩተሩን የሥራ መቆጣጠሪያ ከፍቶ መመልከት በቂ ነው። ዲስኩ ፋታ አጥቶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ከታየ፣ የመዘግየቱ ምንጭ ዲስኩ ነው። ፕሮሰሰሩ ተጨናንቆ ዲስኩ ካረፈ ግን ምንጩ ሌላ ነው። ሐኪም በሽታውን ሳያውቅ መድኀኒት አያዝም።

7. አጠባበቁ

ኤስ. ኤስ. ዲ. ለመንገጫገጭ የሚበገር አይደለም፤ ድምፅም አያሰማም። ሆኖም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በመጀመሪያ፣ ጢም ብሎ እስኪሞላ መጫን አይገባም። ሁለተኛ፣ በሃርድ ዲስክ ላይ የተበታተኑ ፋይሎችን አንድ ላይ ለማሰባሰብ የሚደረገው ሥራ ለኤስ. ኤስ. ዲ. አያስፈልግም፤ እንዲያውም በከንቱ ያለፋዋል። ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ የነበረው ሊጠፋ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ መጠባበቂያ ባትሪ ማዘጋጀት ይጠቅማል። አራተኛ፣ ያለ ኤሌክትሪክ ለብዙ ዓመታት ቢቀመጥ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ በቀስ ሊያመልጡ ስለሚችሉ፣ ለረጅም ዘመን ለሚጠበቅ ማኅደር ብቻውን አይታመንም።

ከሁሉም የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ቅጂ ማስቀመጥ ነው። ሃርድ ዲስክ ሊበላሽ ሲል አንዳንድ ጊዜ በማንቋቋት ያስጠነቅቃል። ኤስ. ኤስ. ዲ. ግን አንዳች ምልክት ሳያሳይ በድንገት ሊያቆም ይችላል። የወራት ድካም የያዘ መሣሪያ ዝም ባለ ጊዜ ጸጸት አይረዳም፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ሃርድ ዲስክም ቢሆን ከነጭራሹ የተጣለ መሣሪያ አይደለም። ለያንዳንዱ ጊጋ ባይት የሚጠይቀው ዋጋ አነስተኛ ስለሆነ ቅጂ ለማኖር አሁንም ተመራጭ ነው።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ኤስ. ኤስ. ዲ. የፕሮግራም ጸሐፊውን ሐሳብ አያሻሽልም፤ የተሳሳተውንም ፕሮግራም አያቃናም። የሚሰጠው ነገር ቢኖር ጊዜ ነው። በመጠበቅ ይባክን የነበረው ደቂቃ ወደ ማሰብና ወደ መሞከር እንዲመለስ ያደርጋል። የተገኘውን ጊዜ በሥራ ላይ ማዋል ግን የመሣሪያው ሳይሆን የሰውየው ፈንታ ነው።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ራም በአናጢው ጠረጴዛ፣ ማከማቻ በግምጃ ቤት የተመሰሉት ለምንድን ነው?
2. ሃርድ ዲስክ አንድን መረጃ ሲፈልግ የሚያጋጥሙት ሁለት መጠበቆች የትኞቹ ናቸው?
3. «ሃምሳ ሎሚ» የሚለው ተረትና ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ ምንን ለማስረዳት ተጠቀሰ?
4. አንድ ሥራ 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚህ ውስጥ 2 ደቂቃው ዲስክ የመጠበቅ ጊዜ ነው። ማከማቻው 20 እጅ ቢፈጥን ሥራው በስንት ጊዜ ያልቃል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍች መሠረት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
ግምጃ ቤት፣ ዑደት፣ መልፋት፣ ማፈራረቅ፣ ፋታ

ሐ. «ጊዜ ቆጣቢ መሣሪያ ሁሉ ጊዜ ያተርፋል» በሚል ርእስ ላይ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ፤ ከክርክሩም በኋላ የየራሳችሁን አስተያየት በአንድ ገጽ ጻፉ።